ከበሩ እጀታ ሥር

ሰውን ለማዋረድ ብዙ መንገድ አለ። ዳኛው የመረጡት ባልዲ ነበር።

ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም "ዳኛው" እያለ ነው የሚጠራቸው፤ እሳቸውም ዛሬም ችሎት ላይ እንዳሉ ነው የሚኖሩት። ሳሎናቸው ውስጥ ከሌላው ሁሉ ከፍ ያለች አንዲት ወንበር አለች። እንግዳ ሲመጣ ዝቅ ባለው ሶፋ ውስጥ ይሰምጥና ቀና ብሎ ያያቸዋል። ሐሙስ ዕለት የመጣው እንግዳ ግን ሶፋውም አልደረሰውም። ተቀመጥ ያለው የለም። ባለታክሲው በሩ አጠገብ እንደቆመ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የዳኛውን ልጅ ለማግባት እንደሚፈልግ ተናገረ።

ልጅቱ ከአባቷ ወንበር ጀርባ ቆማለች። ንቢቱ ይሏታል። ገና በልጅነቷ አክስቷ "ይቺ ማርም አላት መውጊያም አላት" ብለው ያወጡላት ስም ነው፤ እያደር ማሩን የረሳው ሰው ቢበዛም መውጊያውን የረሳ የለም። የምትሠራው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በአጉሊ መነጽር ስታይ ትውላለች፤ የባለ ፎቁንና የለማኙን ደም ለይታ አታውቅም፤ ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ስለ "ጥሩ ዘር" ሲወራ ትሰማለች። ስለዚህ ስትገባም የምትገባው ለጠብ ተዘጋጅታ ነው።

"ሥራህ ምንድን ነው?" አሉ ዳኛው፣ እያወቁ።

"ታክሲ እነዳለሁ፣ ጋሼ።"

"ጋሼህ አይደለሁም።"

"ታክሲ እነዳለሁ፣ ጌታዬ።"

"ጌታህም አይደለሁም። መኪናው የሰው ነው?"

"የራሴ ነው።"

"ታጥበዋለህ?"

"በየቀኑ።"

ዳኛው ፈገግ አሉ። ንቢቱ ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች፤ ከንፈር ላይ ተወልዶ ዓይን ሳይደርስ የሚሞት ፈገግታ ነው።

"እንግዲያው የምትችለውን ሥራ አገኘሁልህ" አሉ። "ቅዳሜ ጠዋት ና። መኪናዬን እጠብ፣ አድርቅ፣ ሰም ቀባ። ጉድፍ ካላገኘሁባት ስለ ልጄ እንነጋገራለን።"

ጥጉ ላይ ሹራብ የሚሠሩት አክስትየው እንኳ እጃቸውን አቆሙ። ያቺን ጥቁር መኪና ከዳኛው በቀር ሌላ እጅ ነክቷት አያውቅም። ዘወትር ቅዳሜ ራሳቸው ያጥቧታል፤ ራሳቸው ያደርቋታል፤ ራሳቸው ሰም ቀብተው መልካቸውን ያዩባታል። እና ይህን ክብር ለማይወዱት ሰው ሲሰጡ ክብር ሊሰጡ እንዳልሆነ ገና ያልተወለደ ሕፃንም ያውቃል።

ንቢቱ ባለታክሲው ዞሮ ይወጣል ብላ ጠበቀች። እንዲወጣ ለመነችው፣ በልቧ።

"እሺ" አለ።

ግቢው በር ላይ ደረሰችበት።

"እሺ አልካቸው።"

"እሺ አልኩ።"

"ምን እንደጠየቁህ ገብቶሃል?"

"መኪና እንዳጥብ።"

"እንድትንበረከክ ነው የጠየቁህ። ጎረቤት ሁሉ አንገቱን በአጥር ላይ አስግጎ እንዲያይህ።"

ሳቀ። "ቸርኬ ቆመው አያጥቡም፣ የኔ እመቤት። እኔ ስንበረከክ ነው የኖርኩት።"

"ለሥራህ ስትንበረከክ ማንም አያዋርድህም። ለእሳቸው ስትንበረከክ ግን እኔ ማየት አልችልም።"

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። አንድ ሰው ለሌላው ሊል የፈለገውና ሌላው የሚሰማው አንዳንዴ ተያይተው የማያውቁ እንግዶች ናቸው።

"ማየት የማትችይው ምኑን ነው?" አለ ቀስ ብሎ። "እሳቸው ሲያዙኝ? ወይስ እኔ ባልዲ ይዤ?"

እዚያው መመለስ ነበረባት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ተናዳ ነበር፤ የተናደደ ሰው ደግሞ መከላከያ እንጂ መልስ አያገኝም።

"እንደፈለግክ ተርጉመው" አለችው።

ታክሲው ውስጥ ገባና ሞተሩን አስነሳ። በጎን መስታወቱ ውስጥ ዓይናቸው ተገናኘ። እሱ ዓይኑን ቶሎ ነቅሎ ሄደ። እሷ መንገዱ ባዶ ከሆነ በኋላም መስታወቱ የነበረበትን ቦታ እያየች ቆመች።

የተዋወቁትም በጠብ ነው። ዝናብ እየወረደባት ታክሲው በር አጠገብ ቆማ መስታወቱን ታንኳኳለች፤ እሱ ከውስጥ እጁን ያወናጭፋል። ብታንኳኳ፣ ብትጠብቅ፣ ጫማዋ ውሃ ቢሞላ፣ ምንም። በመጨረሻ መስታወቱን አወረደ።

"ለምን አትከፍትልኝም?" ብላ አፈጠጠችበት።

"ክፍት ነው እኮ። ታክሲ ነው፣ የባንክ ካዝና አይደለም። የታክሲ በር ተቆልፎ ያየሽው የት ነው? ሳቢው።"

ስባ ገባች። እስክትወርድ ድረስ ተጨቃጨቁ፤ ስትወርድ እየሳቀች ነበር። በተዘጋ የመኪና በር ፊት እጀታውን መሳብ ትታ ለምን እንደ ምሰሶ እንደምትቆም ግን አልጠየቃትም። ቢጠይቃትም አትናገርም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባለታክሲው ሁለት ባልዲ፣ አንድ የዕቃ ቦርሳና የታጠፉ ጨርቆች ይዞ መጣ። ታክሲውን ከአጥሩ ውጭ አቆመው። ዳኛው ወንበራቸውን ግቢ አስወጥተው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው፣ ነጠላ ጫማቸውን አድርገው ተሰይመዋል። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው የጥርስ ሐኪሟ ሰገነት ላይ ወጥታ፣ የደረቀ ልብስ መልሳ ታሰጣለች።

ንቢቱ ፎቅ ላይ ከመኝታ ቤቷ መስኮት አልተነሳችም። አልወርድም ብላ ምላለች። ወርዳ ብታየው ለአባቷ ድል ነው፤ ሳታየው ብትቀር ደግሞ ለእሷ ሞት ነው፤ መስኮቱ የሁለቱ እርቅ ነበር።

ባለታክሲው መኪናዋን ከፀሐይ ገፍቶ ጥላ ውስጥ አስገባት። አቧራውን በውሃ አወረደ። ከዚያ ሳሙናውን በአንዱ ባልዲ፣ ንጹሕ ውሃውን በሌላው አድርጎ ከጣሪያዋ ጀመረ።

"ከላይ ጀምር" አሉ ዳኛው።

"ከላይ ነው የጀመርኩት።"

"ከዚያም በላይ።"

አክስትየው ውሃ በብርጭቆ ይዘው ሲወጡ ሰሙ። "ከዚያ በላይ ሰማዩ ነው" አሉ። "ሰማዩንም ያጥብልህ እንዴ? ስታንዣብብበት ቆሽሿል።"

"እትዬ፣ ሥራ ላይ ነው ያለነው።"

"እሱ ሥራ ላይ ነው። አንተ ወንበር ላይ ነህ።"

ኮፈኑን ሲያጥብ ስፖንጁ ከእጁ አምልጦ መሬት ወደቀ። ዳኛው ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸውም፤ ያዝኩህ የሚል ብርሃን ፊታቸው ላይ ቦግ አለ። መሬት የነካ ስፖንጅ አሸዋ ይዞ ይነሳል፤ በዚያ ጥቁር ቀለም ላይ ቢታሽ ፀሐይ ስትወጣ የሸረሪት ድር ይመስላል። ባለታክሲው ግን ስፖንጁን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ አድርጎ ከቦርሳው ሌላ አወጣ። የዳኛው ብርሃን ጠፋ።

"አባትህ ምን ነበሩ?" አሉ፣ በሌላ በር ለመግባት።

"ጫኝና አውራጅ።"

"ትከሻህ ያስታውቃል።"

"አመሰግናለሁ" አለ ባለታክሲው፤ ከልቡ ነበር።

ቸርኬዎቹን ለማጠብ ተንበረከከ። ንቢቱ ያ ጉልበት ሲታጠፍ ስታይ ጥርሷን ነከሰች። ትሕትና የሚሉት ነገር ግማሹ ፍርሃት፣ ቀሪው ንግድ ነው ብላ ነበር የምታምነው። እሱ ግን አልፈራም፤ የሚሸጠውም አልነበረውም። የሚያጥበው እንደሚያጥብ ሰው ነበር፤ በቃ። የተሸነፈችው እዚያ ላይ ነው። ዓይኗ ሞላ፤ እንባዋም በአገጯ ወረደ።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያያት።

ንቢቱን ስታለቅስ ማንም አይቷት አያውቅም፤ ለመታየትም አላሰበችም። መጋረጃውን ሳበችው።

ከመጋረጃው ስንጥቅ ፊቱን አየችው። ቅስሙ ሲሰበር አየችው። "አፈረችብኝ" የሚለው ነገር ግንባሩ ላይ የተጻፈ ያህል ይነበብ ነበር። መጋረጃውን መልሳ ለመክፈት እጇን አነሳች፤ እጇ እርጥብ ነበር፤ አወረደችው።

ዳኛው የጠዋት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ገቡ። አክስትየውም ብርጭቆውን ይዘው ተከተሉ። ባለታክሲው ከመኪናዋ ጋር ብቻውን ቀረ። አድርቋታል፤ የቀረው ሰሙ ነው። ሰሙን ግን አላነሳም። መስኮቱን አንድ ጊዜ አየ፤ የተዘጋውን መጋረጃ። ከዚያ፣ ያፈረችበት ሰው ምን እንደሚችል ሊያሳይ እንደወሰነ ሁሉ፣ ከቦርሳው ትንሽ ቆርቆሮ አወጣ።

ፖሊሽ ነበር።

ፖሊሽና ሰም አንድ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ሰም ይሸፍናል። ፖሊሽ ግን ይልጣል፤ ጭረትን የሚያጠፋው በዙሪያው ያለውን ቀለም በስሱ እየላጠ ነው። ዳኛው በዚያች መኪና ላይ ሰም እንጂ ፖሊሽ አስነክተው አያውቁም። ምክንያቱንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በፊተኛው የተሳፋሪ በር፣ ከእጀታው ሥር ባለችው ጣት መክተቻ ጎድጓዳ ላይ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የጭረት ጎጆ አለ። የሟች ሚስታቸው ቀለበት የጫረው ነው። ዳኛው ለእንግዳ ሁሉ ጣታቸውን እያስነኩ ይናገራሉ። የጥርስ ሐኪሟ ያንን ወሬ በሰማች ቁጥር ወደ ቤቷ ገብታ ባሏን ታኮርፋለች፤ "ባል ማለት እንዲህ ነው" እያለች።

ያንን ወሬ የማታምን አንዲት ሰው ብትኖር ንቢቱ ነበረች። ከኋላ ወንበር ሆና ያየችው ሌላ ነው።

አሁን ወሬው ያልደረሰው ባለታክሲ እዚያው በር ፊት ቁጢጥ ብሏል። ጎድጓዳዋን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ የእሱም ታክሲ ላይ የተሳፋሪ ጥፍር የሚጥለው ዓይነት ነው። ጨርቁን በጣቱ ጠቀለለ። ቆርቆሮውን ከፈተ።

የንቢቱ እጅ የመስኮቱ መክፈቻ ላይ ነበር። መክፈት፣ "ተው" ማለት። አንድ ቃል።

ጣቱ መዞር ጀመረ። ትንንሽ ክብ። እሷ መክፈቻውን አጥብቃ ያዘች፤ አላዞረችውም። የዝምታዋን ጣዕም አወቀችው፤ የልጅነቷ ዝምታ ነው፤ ያ፣ ከኋላ ወንበር ላይ የነበረው። አሁን ግን ከፍርሃት አልነበረም። ምን እንደሆነ ልትጠይቅ አልደፈረችም፤ ብትጠይቅ ደስ የማይል ስም ሊኖረው ይችላል።

ዳኛው ሲመለሱ መኪናዋ ሰም ተቀብታ፣ ሰሙ ደርቆ፣ ተወልውላ ቆማ ነበር። ግቢው በሙሉ ውስጧ ይታያል፤ አጥሩ፣ ዛፉ፣ የጥርስ ሐኪሟ ደረቅ ልብስ። ዳኛው ዞሯት። ጎንበስ ብለው የቸርኬውን ሥር አዩ። መስታወቱን በጥፍራቸው ነኩ። ምንም አላገኙም፤ ባለማግኘታቸውም መቆጣት ሲጀምሩ ከንዴታቸው ጀርባ ሌላ ነገር ብቅ ብሎ ነበር፤ ወደ አክብሮት የተጠጋ ነገር። አክስትየው አይተውታል። ንቢቱም ከላይ አየችው።

ከዚያ እንደ ልማዳቸው በተሳፋሪው በር በኩል ሲያልፉ ጣታቸውን እጀታው ሥር ከተቱ።

ቆሙ።

"እዚህ ምን ነበር?"

"ጭረት ነበረ" አለ ባለታክሲው። ደክሞታል፤ ግን ስጦታ እንደሚያቀርብ ሰው ፊቱ በርቷል። "የቀለበት ይመስለኛል። አጠፋሁት። አሁን አዲስ ነው።"

ከዘራው ተነሳና ባልዲው ላይ አረፈ። ባልዲው ተንከባሎ አረፋውን በዳኛው ነጠላ ጫማ ላይ ደፋው።

"ውጣ።"

"ጌታዬ፣ ምን—"

"የሚስቴን እጅ ነው ያጠፋኸው። ከእሷ የቀረኝ ያ ብቻ ነበር። አንተ የጫኝ ልጅ፣ የሞተ ሰው አሻራ ከቆሻሻ ለይተህ የማታውቅ። ልጄን ልሰጥህ? ለአንተ ውሻም በአደራ አልሰጥም።"

የባለታክሲው ፊት አመድ መሰለ። በጥርስ ሐኪሟ ሰገነት ላይ ልብስ ማስጣት ቆሟል። ደረጃው ላይ የንቢቱ እግር ተሰማ፤ ጫማ አላደረገችም።

"የእማዬን ስም አይጥሩ" አለች።

"አንቺ ግቢ።"

"አልገባም። አርፈሽ ተቀመጪ ሊሉኝ ነው? ተቀምጫለሁ። ልጅነቴን በሙሉ አርፌ ነው የተቀመጥኩት።" ሰገነቱን ቀና ብላ አየች። "እርስዎም ይስሙ፣ ዶክተር፤ ባለቤትዎ ይቅርታ ይገባቸዋል። ይሄ የፍቅር ምልክት የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ልንገርዎት።"

"ንቢቱ" አሉ አክስትየው። ግን ሊያስቆሟት አልነበረም። እጇን ለመያዝ ነበር።

"እማዬ ሰው ፊት አንድ ቃል ከተሳሳተች፣ ሳቅ ካበዛች፣ እናቷ ልብስ ሰፊ እንደነበረች ካወራች፣ አባባ ቀድመው መኪናው ውስጥ ይገቡና በሩን ከውስጥ ይቆልፋሉ። ሞተሩን ያስነሳሉ። ፊት ለፊታቸውን ያያሉ። እሷ ውጭ ትቆማለች። በዝናብ፣ በፀሐይ፣ ሰው እያየ። አትጮኽም፤ እንዳይሰማባት። ጣቶቿን እጀታው ውስጥ ከትታ ትጠብቃለች። ቀለበቷ ይፍቃል። ከውስጥ ይሰማል። እኔ ከኋላ ነበርኩ። እጄን ብዘረጋ ቁልፉ ጋ እደርሳለሁ። 'አርፈሽ ተቀመጪ' ይላሉ፣ ሳይዞሩ።" ድምጿ ተሰነጠቀ፤ ንዴቷ ግን አልተሰነጠቀም። "ያ ጭረት 'እወድሃለሁ' አይደለም። 'ክፈትልኝ' ነው።"

ዳኛው ወደ እህታቸው ዞሩ። "እትዬ፣ ትሰሚያታለሽ?"

"እሰማታለሁ" አሉ አክስትየው። "እኔም አይቻለሁ። ወደህ አገባህ። ከዚያ የልብስ ሰፊ ልጅ አገባ እንዳይሉህ ፈርተህ፣ መውደድህን እሷን ስትቀጣበት ኖርክ። እኔም ዝም አልኩ። በዝምታ የሚበልጠኝ የለም።"

ከባልዲው የተደፋው ውሃ ወደ ግቢው በር ይፈስሳል። ዳኛው ዓይናቸውን ወደ እሱ ጣሉ።

"አውቃለሁ" አሉ።

ንቢቱ ክርክር ጠብቃ ነበር። ለክርክር ነበር የተዘጋጀችው።

"ለጎረቤት የምነግረው ሌላ ነው" አሉ ዳኛው፣ ቀና ሳይሉ። "ውሸት ነው። ጣቴን እዚያ የምከተው ግን… በሌላው ሁሉ ላይ ማስረጃ ሰምቼ ፈርጃለሁ። በእኔ ላይ የነበረው ማስረጃ እሱ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አነበው ነበር። እንዳይጠፋ ነበር ሰም የምቀባው።"

እጁን የሰጠ ጠላትን ምን እንደሚያደርገው ማራኪው ሲጨንቀው ያለ ነው። ንቢቱም ጨነቃት። አንድ አፍታ ልቧ ወደ እነዚያ እርጥብ እግሮች ሄደ። መልሳ ጎተተችው።

"ማስረጃውን አስቀምጠው ጥፋቱን ቀጠሉበት" አለች። "ሐሙስ ይሄን ሰው በር ላይ ያቆሙት እርስዎ አይደሉም? ዛሬስ? እማዬን ውጭ ያስቆሙበት ቁልፍ አሁንም እጅዎ ላይ ነው፤ ሰው ብቻ ነው የተለወጠው። መጸጸት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወለወል ዕቃ ነው እንዴ?"

ዳኛውን ሌላ ድምፅ ቀደማቸው።

"ቆይ" አለ ባለታክሲው። ወደ እሷ እንጂ ወደ እሳቸው አላየም። "መስኮቱ ላይ ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"መጋረጃ ዘግተሽ አልነበር?"

"ስንጥቅ ትቻለሁ። እያለቀስኩ ነው የዘጋሁት። አላፈርኩብህም፤ እሱን ሐሙስም ልነግርህ ይገባ ነበር።"

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቃል ይበቃው ነበር። ፊቱ ሊፈታ ጀምሮ መልሶ ተቋጠረ።

"ቆርቆሮውን ስከፍት አየሽኝ?"

"አየሁህ።"

"ከእጀታው ሥር ያለው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ለምን አልጠራሽኝም?"

መዋሸት ትችል ነበር። "እንዲጠፋ ፈለግኩ" አለች።

"ራስሽ ለምን አላጠፋሽውም?"

ማርም መውጊያም ያላት ንብ ባዶ እጇን ቆመች።

"አባትሽ በባልዲ ሊያዋርዱኝ ፈለጉ" አለ። "እሱ አይከብድም፤ ፊት ለፊት ነው፤ ባልዲ ደግሞ ዕድሜዬን ይዤዋለሁ። አንቺ ግን በእኔ ጣት የሰው ቁስል አስነካሽኝ፣ ሳልጠየቅ። አፍረሽብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።"

ከዚያ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ቢወረውረው ደስ ባላት። እሱ ግን ስፖንጁን ጨመቀ፤ ጨርቆቹን አንድ በአንድ አጠፈ፤ የቆርቆሮውን ክዳን አጥብቆ ዘጋ። የወደቀውንም ባልዲ አንስቶ ሁለቱን አንዱን በአንዱ ውስጥ ከተተ። ዳኛው አጠገብ ሲደርስ ቆም አለ።

"ስላጠፋሁት ይቅርታ" አላቸው። "አላወቅኩም።"

ወጣ። ንቢቱ ይህን ያህል ጠብ አሸንፋ፣ እንዲህ ያለ ባዶነት ተሰምቷት አያውቅም።

"ምን ቆመሻል?" አሉ አክስትየው። "እኔ ቆሜ ምን እንዳገኘሁ አላየሽም?"

እርጥቡ ድንጋይ እያዳለጣት ሮጠች። ባለታክሲው መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ሞተሩ ተነስቷል። ፊት ለፊቱን ያያል።

በተሳፋሪው በር በኩል ደረሰች። ጣቶቿን እጀታው ውስጥ ከተተች። እዚያ ላይ ሰውነቷ ትእዛዟን መስማት አቆመ። የሚነዝር ሞተር፣ የተዘጋ በር፣ ከውስጥ የማይዞር ራስ። ሁሉም እንደነበረ ነው፤ እሷ ብቻ ከኋላ ወንበር ወርዳ በእናቷ ቦታ ቆማለች። መጮኽ አልቻለችም። ማንኳኳትም አልቻለችም። ጣቶቿ ብቻ ቀለሙን ይፍቃሉ።

ከኋላዋ የእርጥብ ነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ። በታክሲው ጎን መስታወት ውስጥ አባቷን አየቻቸው። ከዘራቸውን ረስተውታል። ፊቷን አልነበረም የሚያዩት። የሚያዩት እጀታው ውስጥ የገቡትን ጣቶቿን ነበር።

"ልጄ" አሉ።

እሷን የጠሩ መስሏት ዞረች። እሳቸው ግን አልፈዋት፣ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብለው፣ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈዋል።

"ልጄ፣ አታስቁማት" አሉት ባለታክሲውን። "የፈለግከውን ተቆጣት፤ መብትህ ነው። ብትፈልግ እኔንም ተቆጣኝ። ግን ውስጥ አስገብተህ ተቆጣት። ክፈትላት። እባክህ።"

"እባክህ" የሚለውን ቃል ከዚያ አፍ ሰምታ አታውቅም። ባለታክሲው ራሱን አዞረ። ሽማግሌውን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ፤ ከዚያ እጇን። ያ በዝናብ የተጣሉበት ቀን ፊቱ ላይ ሲያልፍ ታየ፤ ያኔ ያልጠየቃት ጥያቄ ዛሬ በራሱ ጊዜ ተመለሰለት። መስታወቱን አወረደው።

"ክፍት ነው እኮ፣ ጋሼ" አለ፣ ድምፁ ወፍሮ። "ታክሲ ነው።"

ዳኛው ጋሼህ አይደለሁም አላሉም። እጃቸውን ሰብስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፣ መንገድ ለመልቀቅ።

"ተናደሃል?" አለች ንቢቱ።

"በጣም።"

"ልግባ?"

"ተናድጄ ዘግቼብሽ አልሄድኩም። ሳቢው።"

ከኋላ ወንበር ላይ ያኔ ያልተዘረጋው እጇ አሁን ሳበ። በሩ ሲከፈት የተሰማት ደስታ አልነበረም፤ ለደስታ ገና ብዙ ጠብ ይቀራቸዋል። እናቷ የቆመችበት ያ ሁሉ ዝናብ ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ ነው የተሰማት፤ በሩን ለመዝጋትም ልቧ አልጨከነም።